«ዋስ መሆን እኮ ገንዘብ ማውጣት አይደለም» — የአንድ የድሬዳዋ ቤት የገንዘብ ጉዳይ

በኅዳር 2015 ደመወዝ በወጣ ማግስት፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴት የአራት ዓመት ልጇን አዝላ፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ሚኒባስ ተሳፈረችና የደንገጎን ዳገት ወጣች። የሄደችው ሐረር፣ እህቷ ዘንድ ነበር። ባሏ በየወሩ ለቤት ወጪ 5,000 ብር ይሰጣታል። በዚያ ወር ግን 1,800 ብር ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» ብሏት ወጣ። የት እንደገባ ብትጠይቀው አልመለሰላትም።

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ በአንድ እድር ነን። እኔ ለብዙ ዓመታት በባንክ ብድር ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ስለሆንኩ፣ የሰፈር ሰው የገንዘብ ነገር ሲከብደው በሬን ያንኳኳል። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው። ስማቸውን ትቼ አባወራውና እማወራዋ እላቸዋለሁ፤ ሰው ሊለያቸው የሚችልበትንም ነገር አውጥቻለሁ።

ቤቱ

አባወራው የፋብሪካ ጥገና ባለሙያ ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ በእጁ የሚገባው 9,600 ብር ነበር። እማወራዋ ባልትና ትሠራለች። በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ታስፈጫለች፤ ምጥን ሽሮና በርበሬ ለቀፊራ ገበያ ነጋዴዎችና ለሰፈር ደንበኞች ታስረክባለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። በማኅበር ባገኙት ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ሠርተው ገብተዋል፤ የሦስተኛው ግድግዳ ቆሞ ጣሪያ ይጠብቃል። የቦታው ካርታ በባልየው ስም ነው። ለጣሪያው የሚጠራቀመው ገንዘብም በእሱ ስም በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ነበር።

የውሳኔ ክፍፍላቸው እንደ ብዙ ቤት ነው። ቦታ፣ ግንባታ፣ ትምህርት ቤት፣ ብድር፣ እነዚህ «ትልልቆቹ» የእሱ ናቸው። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ ደብተርና እርሳስ «ትንንሾቹ» የእሷ። ሲጋቡ ሽማግሌዎች «ሀብትሽ በሀብቴ» አስብለው ነው ያጋቧቸው። እኔ ይህን ቃል ከልቤ እወደዋለሁ። ነገር ግን ሀብት የተቀላቀለበት ቤት ሁሉ ውሳኔ የተቀላቀለበት አለመሆኑን በደንብ ያየሁት እዚህ ቤት ነው።

ስለ ሚስቱ ሥራ ሲጠየቅ «እሷም ትንሽ ትንሽ ትሞካክራለች» ይል ነበር። ይህን «ትንሽ» ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፊርማው

በጥቅምት 2014 የአባወራው ታናሽ ወንድም ባጃጅ ለመግዛት ከአንድ አበዳሪ ተቋም 150,000 ብር ሊበደር ሲሄድ ዋስ አምጣ ተባለ። ድሬዳዋ ውስጥ ከለገሃሬ ገንደ ቆሬ፣ ከከዚራ መጋላ ሰው የሚንቀሳቀሰው በባጃጅ ነው፤ ሥራ የፈታ ወጣት ባጃጅ ሲይዝ ቤተሰብ ደስ ይለዋል። አባወራው ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ አጽፎ ሄደና ፈረመ። የሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር። አበዳሪው የሚስቱን ፊርማ አልጠየቀም። እሱም አልነገራትም።

ለምን እንዳልነገራት ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥቶኛል። መጀመሪያ «እትዬ፣ ዋስ መሆን እኮ ገንዘብ ማውጣት አይደለም። ለወንድሜ ፈረምኩ እንጂ ብር አላወጣሁም» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ «የወንድሜ ጉዳይ ስለሆነ የቤታችን ጉዳይ አልመሰለኝም» አለ። ሦስተኛውን የነገረኝ ብቻችንን ስንሆን አንገቱን ደፍቶ ነው፦ «ብጠይቃት እንቢ ትለኛለች፤ እንቢ ካለችኝ ደግሞ ወንድሜን በምን ዓይኔ አየዋለሁ።» እውነተኛው ይኸኛው ይመስለኛል። የመጀመሪያውን መልስ ግን ብድር ክፍል ስሠራ ስንት ሰው ተቀምጦ እንደነገረኝ አልቆጥረውም። ዋሱ ገንዘቡን ሲቆጥር ኪሱን ብቻ ነው የሚያየው፤ የፈረመበት ግን የሚመጣውን ዓመት ደመወዙን ነው፣ ከደመወዙም የሚበሉትን ልጆቹን።

ወንድምየው ከኅዳር እስከ ግንቦት ሰባት ወር ሙሉ 7,400 ብር ሳያጓድል ከፈለ። ሰነፍ ልጅ አልነበረም። በግንቦት መጨረሻ ደቻቱ ድልድይ አቅራቢያ ባጃጁ ተገለበጠበት፤ እግሩም ተሰበረ። የነበረው መድን ሕግ የሚያስገድደው፣ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚከፍለው ብቻ ስለሆነ ለራሱ ባጃጅ የሚሆን ሳንቲም አልተገኘም። ለጥገናው 31,000 ብር ተጠየቀ። ባጃጁ ሸራ ለብሶ እናታቸው ግቢ ቆመ።

የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ክፍያ፣ በጠቅላላው 22,200 ብር፣ አባወራው ከጣሪያው ሒሳብ እያወጣ ከፈለ። በዚያ ክረምት ሚስቱ «ጣሪያውስ?» ስትለው «ቆርቆሮ ተወደደ» ይላት ነበር። ቆርቆሮ በእርግጥም ተወዶ ነበር። ገንዘቡ እያለቀ መሆኑን ግን አልነገራትም። ሒሳቡ ሲደርቅ መስከረምና ጥቅምት ሳይከፈል አለፈ። በኅዳር አበዳሪው ለፋብሪካው ጻፈና ከደመወዙ በየወሩ 3,200 ብር ይቆረጥ ጀመር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በድምሩ ከወር ደመወዝ ሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ባይገድብ ኖሮ ያ 1,800 ብርም ጠረጴዛው ላይ ባልተቀመጠ።

ሽማግሌዎች

ከሐረር ያመጧት ሽማግሌዎች ናቸው። ለእሷ «ታገሺ፣ ቤትሽን አትበትኚ» አሏት፤ ለእሱ «ይቅርታ ጠይቃት» አሉት። ጠየቃት፣ ተሳሳሙ፣ ቡና ተፈላ። በዚያ ሁሉ ሰዓት «ለመሆኑ ያለብህ ስንት ነው?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ስንት ቤት ከመፍረስ እንዳዳነ አውቃለሁ፤ አከብራለሁም። ነገር ግን በገንዘብ የተጣሉ ባልና ሚስትን ደብተር ሳያስገልጡ አስታርቆ መሸኘት ቁስሉን ሳያጥቡ መጠቅለል ነው። ሁለት ሳምንት አልቆዩም፤ እንደገና ተጣሉ። በዚህ ጊዜ ወደ እኔ መጡ።

ሁለቱ ዝርዝሮች

በታኅሣሥ አንድ እሑድ፣ የቀትሩ ዕረፍት አልፎ ጥላው ሲረዝም፣ ግቢያቸው ባለው የኒም ዛፍ ሥር ሰሌን አንጥፈን ተቀመጥን። ዳር ላይ በርበሬ ተሰጥቶ ስለነበር በነፈሰ ቁጥር ሦስታችንም እናስነጥሳለን። ከትልቁ ልጅ ደብተር ሁለት ሉህ ገነጠልኩና ለየብቻ ሰጠኋቸው። «ይህ ቤት በወር ምን ያህል ያወጣል? ሳትተያዩ ጻፉ» አልኳቸው።

እሱ ቶሎ ጨረሰ። የጻፈው አምስት መስመር ነው። አስቤዛ 5,000፣ የሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት 2,200፣ መብራትና ውኃ 650፣ ትራንስፖርት 350፣ እድር 100። ድምሩ 8,300 ብር።

እሷ ሉሁን ጨርሳ ገለበጠችው። ከዚያም ሌላ ሉህ ጠየቀችኝ። ስትጨርስ 31 መስመር፣ 14,650 ብር ሆነ።

በሁለቱ ድምር መካከል 6,350 ብር ልዩነት አለ። እሱ «አስቤዛ» ብሎ በአንድ መስመር ያለፈው እሷ ዘንድ 27 መስመር ነበር፤ ዋጋውም 11,350 ብር። ጤፍ፣ ወፍጮ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ ለትንሹ ወተት፣ ለትልቁ የጫማ ማስጠገኛ፣ ለለቅሶ ቤት የሚወሰድ፣ ለአራስ ጥየቃ የሚያዝ። ሁለቱን ሉሆች ጎን ለጎን አድርጎ ደጋግሞ ከደመረ በኋላ ቀና ብሎ አያት።

«ይህን ሁሉ ከየት ነው የምታመጪው?»

«ከበርበሬው ነዋ፣ አባቱ። ከየት ሊመጣ ነው?»

እውነት አያውቅም ነበር። 5,000ው በቅቶ የሚያድር ይመስለው ነበር፤ አለመብቃቱን የሚያውቅበት አጋጣሚም አልገጠመውም፣ ምክንያቱም እሷ የጎደለውን ሳታሰማ ትሞላለች። ሉሁን ወደ ታች እያነበበ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። «የእማማ የግፊት መድኃኒት 780» ይላል። እማማ የእሱ እናት ናቸው። መድኃኒቱን ወንድሙ የሚገዛላቸው ይመስለው ነበር። ወንድሙም በእርግጥ ይገዛ ነበር፣ እግሩ እስኪሰበር። ከሰኔ ጀምሮ ግን በየወሩ ፋርማሲ የምትሄደው ሚስቱ ናት። እሱ ስለ ወንድሙ ብሎ ጣሪያውን ደብቆ ሲከፍል፣ እሷ ስለ እናቱ ብላ ትርፏን ዝም ብላ ትከፍል ነበር። ያንኑ ቤተሰብ በሁለት ጫፍ ተሸክመው አንዳቸው የሌላውን ትከሻ አላዩም። ለረጅም ጊዜ ግንባሩን ይዞ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ የእሷ ተራ መጣ። ከበርበሬው የምታተርፈውን ስንደምር በወር 8,500 ብር ገደማ ሆነ። «ትንሽ ትንሽ ትሞካክራለች» የተባለችው ሴት ከእሱ የተጣራ ደመወዝ የምታንሰው በ1,100 ብር ብቻ ነበር፤ ቅነሳው ከጀመረ ወዲህማ ለቤቱ የበለጠውን የምታስገባው እሷ ናት። ግን 6,350ው ለቤት ከገባ 2,150 ብር ይቀራል። «ይኸኛውስ?» አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ተነሥታ ጓዳ ገባችና አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዛ ተመለሰች። ውስጡ የእቁብ ደብተር ነበር። በሳምንት 500 ብር፣ 40 ሰው፣ ዕጣው 20,000 ብር። ባልየው ስለዚህ እቁብ ሰምቶ አያውቅም።

«ጉድ ቢመጣ ልጆቼን ይዤ የምቆምበት ነው» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

ሁለቱም ደብቀዋል። ሆኖም እኩል አጥፍተዋል ብዬ አልጽፍም። የእሱ ፊርማ ቤቱን ሙሉ ባለዕዳ አድርጓል፤ የእሷ እቁብ ማንንም ባለዕዳ አላደረገም። ሴት ለክፉ ቀን የምትሸሽገውን ገንዘብ ክህደት የሚሉት አሉ፤ እኔ አልልም፣ ከማትጠየቅበት ውሳኔ ራሷን የምትጠብቅበት ሌላ መንገድ አልተሰጣትምና። ጉዳቱ ግን ጉዳት ነው። ይህ እቁብ እንዳለ በሰኔ ቢታወቅ፣ እቁብተኛ ሲቸገር ዕጣ መለዋወጥ የተለመደ ስለሆነ፣ ባጃጁ በክረምቱ ተጠግኖ ይወጣ ነበር። ጣሪያውም አይበላም፣ ደመወዙም አይቆረጥም ነበር።

ከዚያ ቀን ንግግር ሁሉ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው። «ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር» አለችው። «ደስ ባይለኝም ወንድምህ ነው። ግን ‹ቢገለበጥስ? መድኑ ሙሉ ይግባለት› እልህ ነበር።» በርበሬ የሚነግድ ሰው «ቢዘንብስ? ዋጋው ቢወርድስ?» እያለ ነው የሚያድረው። ሚስትን ማማከር ብዙ ጊዜ ለእሷ የሚደረግላት ክብር ተደርጎ ይወራል። እዚህ ቤት ያመለጠው ክብሩ ብቻ አይደለም። ያንን አንድ ጥያቄ የምትጠይቅ ሰው አጠገቡ ተኝታ ሳለ ነው ሳይጠየቅ ያለፈው።

ሕጉ

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ የበላይ ነበር። ዛሬም በብዙ ሰው ልብ ውስጥ የሚሠራው ያ አንቀጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻቸው ዘመን እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ደግሞ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በቀጥታ ይሠራል። በዚህ ሕግ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው የገቢውን ሒሳብ ማሳወቅ አለበት። አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር፣ ወይም ለዚያን ያህል ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይደለም፤ ቢሆንም ሕጉ ዋስትናን ከብድር እኩል ማስቀመጡ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። «ፈረምኩ እንጂ ብር አላወጣሁም» ለሚለው መልሱ እዚያ ተጽፏል።

ያለ ስምምነት የተገባውን ግዴታ ደግሞ አንቀጽ 69 እንዲፈርስ ለመጠየቅ ያስችላል፤ ሌላኛው ወገን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ያም ሆኖ ግዴታው ከተገባ ሁለት ዓመት ሳያልፍ። እማወራዋ ያወቀችው በኅዳር ስለሆነ እስከ ግንቦት 2015 ጊዜ ነበራት። ይህን ለእሱም ለእሷም በአንድነት ነገርኳቸው። እሱ ፊቱ ጠቆረ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ክሱን እመሠርት ነበር። እሷ ሦስት ሌሊት አሰበችበትና «ዋስትናው ቢፈርስ ባጃጁን ይወስዱታል። በሸራ የተጠቀለለ ባጃጅ ስንት ያወጣል? የቆመ ነገር ዕዳ አይከፍልም፤ ይሂድ» አለችኝ። ከእኔ የተሻለች ነጋዴ ናት።

ከዚያ በኋላ

በጥር ዕጣዋን ከሌላ እቁብተኛ ጋር ተለዋውጣ 20,000 ብር አወጣች። ቀሪውን 11,000 ወንድምየው ከጓደኞቹ አሰባሰበ። ገንዘቡን ከመስጠቷ በፊት ግን ውል አጻፈች። ባጃጁ ለተቀጣሪ ሾፌር ይሰጣል፤ በቀን 350 ብር ገቢ በእጇ ይገባል፤ ለአበዳሪው የምትከፍለው እሷ ናት፤ 20,000ውም የሚመለሰው ለእሷ ነው። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ባልየው «ገንዘቡ የቤቱ አይደለም እንዴ?» ብሎ ነበር። የቤቱን ገንዘብ በስውር ያወጣ ሰው ይህን መጠየቁ አስቆጥቶኛል፤ ሳልደብቅ ነገርኩት። ወንድማማቾቹ ፈረሙ፣ እሷም ፈረመች፣ አማቷ በጣታቸው አተሙ።

በወረቀት ላይ በወር 26 ቀን ቢሠራ 9,100 ብር ይገባ ነበር። በተግባር ቤንዚን ሰልፍ የሚበላው ቀን አለ፣ ሾፌር የሚጠፋበት ሳምንት አለ። 6,000 ያልሞላበት ወርም ነበር። የደመወዙ ቅነሳ ከስድስት ወር በኋላ፣ በግንቦት ቆመ፤ በእነዚያ ወራት 19,200 ብር ሄዷል። ብድሩ ያለቀው በሰኔ 2016 ነው፣ ከቀኑ ስምንት ወር ዘግይቶ። ከእማወራዋ 20,000 ውስጥ 13,000 ተመልሷል። ወንድምየው እስከ ዛሬ ቤታቸው የሚመጣው በዓል ሲሆን ብቻ ነው።

በቤታቸው ውስጥ የተስማሙበትም አለ። የጣሪያው ገንዘብ ሁለቱም ካልፈረሙ በማይወጣበት የጋራ ሒሳብ ተቀመጠ። ለዕለት ወጪ እንዲህ ያለ ሒሳብ አይመችም፤ ለጣሪያ ግን ልክ ነው። ከ3,000 ብር በታች ማንም ሳይጠይቅ ይወስናል፣ ከዚያ በላይ ሁለቱ ይመክሩበታል፤ ፊርማ ከሆነ ግን መጠኑ ምንም ይሁን ለብቻ የለም። ለእያንዳንዳቸው በወር 500 ብር የማይጠየቁበት አላቸው። ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያው እሑድ ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ እሑዶች አልሰመሩም። እሱ የወሰነውን ይዞ ይመጣና «ላሳውቅሽ» ይላል። እሷ «ማሳወቅና ማማከር አንድ ነው እንዴ?» ትላለች፤ ይነሣሉ። በመጋቢት ደግሞ ለአንድ የሥራ ባልደረባው 2,500 ብር አበደረ፤ በሳምንቱ እንደገና 2,500። እያንዳንዱ ከገደቡ በታች ነው፣ አንድ ላይ ግን አይደለም፤ ይህን ያወቀችው በአጋጣሚ ነው። እሷም ንጹሕ አልነበረችም፤ በርበሬ በውድ ገዝታ ዋጋው ሲወርድባት የከሰረችውን 9,000 ብር ሁለት ወር ዋጥ አድርጋ ይዛዋለች። ሲወጣ እሱ አልጮኸም። «እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እደብቅ ነበር» አላት፤ ይህንንም የነገረችኝ እሷ ናት።

ደብተሩን አንድ ቀን አሳይተውኛል። በሚያዝያ 2015 ገጽ ላይ በእሱ ጽሕፈት «ፍሪጅ ይገዛ» የሚል ተሰርዟል። ከሥሩ፣ አሁንም በእሱ ጽሕፈት፣ «ፍሪጅ ይገዛ ወይ?» ይላል። ከዚያ ገጽ ወዲህ ሁሉም ነገር በጥያቄ ነው የተጻፈው። ለድሬዳዋ ሙቀት ፍሪጅ ያስፈልጋል ብላ እሷም ስላመነችበት ተገዛ።

ሦስተኛው ክፍል ጣሪያውን ለብሷል። የደብተሩ መጨረሻ ገጾች ላይ ግን አንድ መስመር በአራት ተከታታይ ወሮች ተደጋግሞ አየሁ። ጽሕፈቱ የእሷ ነው፦ «ካርታው ላይ የሁለታችንም ስም ይግባ ወይ?» በአራቱም አጠገብ በእሱ ጽሕፈት «ለሚቀጥለው» ተብሏል። እሱ «ሕጉ አንቀጽ 63 ላይ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ይላል፣ እርስዎው አይደሉ የነገሩን፤ ታዲያ ምን ልዩነት ያመጣል?» ይለኛል። እሷ «ልዩነት ከሌለው ለምን አይገባም?» ትላለች። እኔ ሐሳቤን ነግሬዋለሁ፤ የእሷን ነው የምደግፈው። ደመወዝ የሚወጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።